ሠላሳ ከረጢት የባሕር አፈር

ሰቆጣ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለምስራቅ፣

እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ብርድ ጀምሯል አሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ዓይኔም ድምፄም ገና አልከዱኝም። ማኅሌቱን እቆማለሁ፣ ተማሪዎቼንም እንደ ልማዴ እጮህባቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አንቺ ካለሽበት ከተማ ለዕረፍት የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ካሤ ነው። ካሤ ብቻውን አይመጣም። እዚያ ካሉት የአገር ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ሥራ ሳትገቢ፣ በማለዳ በርሽን ያንኳኳል። ወረቀቱን የሚሰጥሽ እነሱ ያላቸውን ከተናገሩ፣ አንቺም አልቅሰሽ እህል ካስቀመሱሽ በኋላ ነው፤ በመስቀሌ አስምዬዋለሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ስለዚህ እኔም እዚህ አልጽፈውም። እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ስንልሽ ሦስት ወር አለፈን። ይቅር በዪኝ። አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም መሰለኝ፤ ባለፈው ስትደውዪ «እማዬስ?» ማለቱን ትተሽ «አፈሩስ?» ብቻ ብለሽ ዘጋሽው።

እንግዲህ ስለ አፈሩ ልጻፍልሽ። ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «አባባ፣ ከሠላሳው ከረጢትና ከጥቁሩ ቱቦ የቱ የት እንደ ደረሰ፣ ማን እንደ ነካው፣ አንድም ሳይዘልሉ ይጻፉልኝ። ቱቦው ደኅና ካለ ሥራዬ ይድናል። እስከ ታኅሣሥ እጄ ካልገባ ግን የአምስት ዓመት ድካሜን ውኃ በላው ማለት ነው።» እሺ፣ አልዘልልም። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ከላይ ወደ ታች እወርዳለሁ።

በኅዳር 2013 መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ከአፋር በረሃ ተነሥተሽ፣ በአበርገሌ አድርገሽ፣ ግማሹን በበቅሎ ግማሹን በእግርሽ እዚህ ስትገቢ ፊትሽ ላይ ከጥርስሽ በቀር ነጭ ነገር አልነበረም። እናትሽ በቅሎዋ የተሸከመችውን ሣጥን አይታ ለዓመታት የደከምሽበት ሀብት መስሏት ነበር። ሲከፈት ጭቃ! በኽምጥኛ ያለችውን አልደግመውም፤ ሳቅሽ ግን እስከ ደጀ ሰላሙ ተሰማ።

ከቅዳሴ መልስ ከረጢቶቹን በቁጥራቸው ሰሌን ላይ ደርድረሽ ያነበብሽልኝን አልረሳሁትም። ከአንድ እስከ አምስት ጨውና አቧራ፤ ባሕሩ ጥሎ ከሄደ ወዲህ ያለው ዘመን። አባቴ ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ እዚሁ ገበያ ሲገዛ አይቻለሁ፤ የሞተ ባሕር ቅሪት እየላስን ማደጋችንን ግን የሰማሁት ካንቺ ነው። ከስድስት እስከ ዐሥራ አራት ግራጫ ጭቃ፤ ረግረግ የነበረበት፣ እግራቸውን ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው የሚያድጉ ዛፎች ሥራቸውን የተዉበት። ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ አራት ዛጎልና ባልጩት፤ ሰዎች ከዳርቻው ተቀምጠው ዛጎሉን እየፈለቀቁ ሥጋውን የበሉበት። ከዚያ በታች እስከ ሠላሳ አሸዋ። ከሁሉ በታች የነበረው ጥቁር ጭቃ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ታሽጎ። የአሸዋ ቅንጣት ፀሐይ ለመጨረሻ ካየችበት ቀን ጀምሮ በጨለማ የቆየችበትን ዘመን ትይዛለች፣ ዳግም ብርሃን ካየች ግን ሁሉን ትረሳዋለች ብለሽ አስረዳሽኝ። እኔም አሸዋ ይህን ያህል በቃሉ ከያዘ ድጓ እናስተምረውና መሪጌታ እናደርገዋለን ብዬ ተሳለቅሁብሽ። መቶ ሺህ ዓመት የምትዪውንም አልተቀበልሁሽም፤ ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ነው፣ የቀረውን ከየት አመጣሽው ብዬ ተከራከርሁሽ። በልቤ ግን ኮርቼብሻለሁ። እዚያ አሁን ሣር የማይበቅልበት አገር ወፍና ዓሣ የሞላበት ረግረግ እንደ ነበር ከአንድ እፍኝ ጭቃ የምታነብ ልጅ ወልጄ አልኮራ?

ከዚያ ደግሞ ለትምህርት ስትሄጂ አውሮፕላኑ ያለ ፈቃድ ወረቀት አፈር አልጭንም አለ ብለሽ እዚህ ተውሽው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው፤ ከአንዲት ቃል። እናትሽን አቅፈሽ «እማዬ፣ አደራ፤ እምነቴ ሁሉ እዚህ አፈር ላይ ነው» አልሻት። የእናትሽ አማርኛ የገበያ አማርኛ መሆኑን ረሳሽው። እርሷ የምታውቀው እምነት አንድ ብቻ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደው፣ ሕመምተኛ ግንባር ላይ የሚቀባው አፈር። ከየት አመጣሽው ብትልሽም ነገሩን ለማቅለል ብለሽ «ከኤርትራ ባሕር ሥር፣ ባሕሩ ከደረቀበት» አልሻት። ሙሴ በበትሩ የከፈለው ባሕር! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልግ? ቱቦውን ብርሃን አይየው ስትያት ደግሞ «እንደ ጽላት» አለችና በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥኗ ሥር አኖረችው። እኔ ከጎናችሁ ቆሜ ነበር። ቃሉ መሳቱን ሰምቻለሁ፤ ፈገግ ብዬ አለፍሁት።

በዓመቱ ክረምት የሆነውን ታውቂዋለሽ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ጠፋ። ከኒሯቅና ከጽጽቃ የተፈናቀለው ሕዝብ የደብሩን ቅጥር ሞላው። እከክ ገባ፣ ተቅማጥ ገባ። የደብራችንም እምነት ተዝቆ አለቀ፤ ሰው ከግንቡ ሥር በጥፍሩ እየጫረ ይወስድ ጀመር። እናትሽ አንደኛውን ከረጢት የፈታችው ያን ጊዜ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ያለው በሁለት ሳምንት አለቀ። የባሰው ነገር ደግሞ መሥራቱ ነው። ጨው አይደለም? ለእከኩ በጀ። «የኔታ ቤት ሙሴ የተሻገረበት አፈር አለ» ተባለና አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ግቢያችን እስከ በሩ ሰው ተቀምጦበት አገኘሁ።

«ጸሐይነሽ፣ ይኼ የልጅቱ የትምህርት አፈር እኮ ነው» አልኋት ወደ ጓዳ ጠርቼ።

«እምነት ነው ብላ የለም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞስ መሪጌታ፣ አንቱ ለዚህ ሁሉ ሰው የሚሰጡት ሌላ ምን አለ?»

ልጄ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እናትሽ አላወቀችም። እኔ ግን አውቃለሁ። ጸሎት ያልተደገመበት ጭቃ መሆኑን፣ የልጄ ዕድሜ የፈሰሰበት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ መክተት እችል ነበር። ያደረግሁት ግን መስቀሌን አውጥቼ ከጎኗ መቆም ነው።

ከስድስት እስከ ዐሥራ አራት የጽጽቃ ሰዎች ወሰዱት። የተቀባ አለ፣ በውኃ ተበጥብጦ የተጠጣም አለ። ስምንት ቁጥር ግማሹ ተርፎ ደጅ ላይ ስላደረ የነሐሴ ጎርፍ ወሰደው። ሃያ ሁለት ቁጥር ውስጥ የነበሩት አራት ባልጩቶች በቆዳ ተሰፍተው ክታብ ሆነዋል፤ አንዱን በቀደም ገበያ ላይ በአንዲት እንጨት ሻጭ አንገት አየሁት። የዚያ የጥንት ዘመን ሰው ዛጎል የፈለቀቀበት ስለት ዛሬ ቡዳ ይከላከላል። ብትስቂ አልቀየምም፤ እኔም ስቄያለሁ።

ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ግን የሰጠሁት በራሴ እጅ ነው። ጥሩሐረግ የምትባል የኒሯቅ ሴት ናት፤ የስድስት ወር ልጇን ታቅፋ «የኔታ፣ ያንን የባሕሩን» አለችኝ። ልጁ ከመድረቁ የተነሣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ግንባሩን ቀባሁት፤ ሩዝ የምታህል የዛጎል ስባሪ ቅንድቡ ላይ ተጣብቃ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ከቀብር መልስ ጥሩሐረግ የተረፈውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝና «ለሌላ ልጅ ይሁን» ብላ እጄ ላይ ፈታችው። አልረገመችኝም። ቢያንስ ትርገመኝ ብዬ ተመኘሁ። አፈሩን ለማንም አልሰጠሁም፤ ከመቅደሱ ጀርባ በተንሁት።

የቀረው ዛጎልና አሸዋው እንደዚያው ሄደ። የየሰዉን ስም ከነቁጥሩ የማስታውሰውን ያህል በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ለመምህርሽ የሚረባ አይመስለኝም። ሠላሳኛው ከረጢት ያለቀው በኅዳር ነው።

በ2015 ስልክ የተከፈተ ቀን የሆነውን አንቺም አትረሺውም። እናትሽ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «አፈርሽ ስንቱን ሰው አዳነልሽ መሰለሽ!» ስትል ደስታዋ ነበር። አንቺ ግን ስታለቅሽ ተሰማን። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ ስልኩ ሲዘጋ። ያን ጊዜ ከረጢቱን፣ ቁጥሩን፣ ረግረጉን፣ ባሕሩን፣ አንቺ ለእኔ እንዳስረዳሽኝ በኽምጥኛ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አንቱ ያውቁ ኖሯል?»

አዎ አልኋት። አልተቆጣችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መስቀሌን ተሳልማ አታውቅም። ሌላ ቄስ ሲመጣ ትሳለማለች፤ የእኔን ታልፈዋለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንደዚያ ያለ ቅጣት አልቀመስሁም።

ቱቦውን ከሣጥኗ አውጥታ ከትራሷ ሥር አደረገችው። ማተብ አሰረችበት። ስትተኛ ራሷ እላዩ ላይ ነው፤ ቀን ሥራ ስትውል በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ከወገቧ ታጥቀዋለች። ጎረቤት ይሥቅባት ነበር፤ ደንታም አልሰጣት። የመላኪያው ፈቃድ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ሁለት ዓመት ሄደ። ባለፈው ሚያዝያ ሳሉ ሲጠናባት ደሴ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ አልናት። «ኬላ ላይ ይፈትሹኛል። ይከፍቱትና ብርሃን ያየዋል። ለልጄ በእጄ ሳልሰጣት ንቅንቅ አልልም» አለች። እኔ ጋ ተዪው፣ እጠብቅልሻለሁ አልኋት።

«ከአንቱ ጋር?» አለችና አየችኝ።

እናትሽ ሐኪም ቤት ያልሄደችው በእልኸኝነቷ ነው ብለን ለዘመድ ሁሉ ተናግረናል። እውነቱ ይህ ነው። እኔን ስላላመነች ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እያልሁ ተማሪ የማስተምር ሰው፣ ሚስቴ አንዲት ቱቦ አደራ የማትሰጠኝ ሆኜ ተገኘሁ።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ሊገንዟት የገቡት ሴቶች ቱቦውን ከትራሷ ሥር አገኙት። ማተብ ታስሮበታል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከመካከላቸው አንዷ ብቅ ብላ «የኔታ፣ እምነቷ ነው መሰል፤ ከራሷ ሥር ይሁንላት?» አለችኝ። አየሽ፣ ያቺ ቃል ዞራ መጣች። አይሆንም፣ የልጄ ነው፣ ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። አሁንም እያወቅሁ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን ያላነሣችበትን ነገር፣ ሞታ አቅም ስታጣ ከሥሯ ልንጠቀው? ራሴን ነቀነቅሁ። ፍትሐቱን ራሴ መራሁ፤ ድምፄ አንድም ጊዜ አልተሰበረም፣ ለዚህም እስካሁን አፍራለሁ።

የፈቃድ ወረቀትሽ የመጣው በነሐሴ፣ የአርባዋ ሰሞን ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ቱቦው ደኅና ነው። አልተከፈተም፣ አልተሰነጠቀም፣ ማሸጊያውም እንዳለ ነው። ብርሃን አላየም። ከደብሩ በስተ ምሥራቅ፣ ከቅጥሩ ግንብ አራት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከእናትሽ ራስ ሥር ነው።

ካሤ ይህን ሲሰማ «ጠፋ ይበሏት የኔታ፣ ይገላገላሉ» አለኝ። ልጁ ለእኔ አዝኖ ነው። እኔ ግን በከረጢቶቹና በቱቦው ሁለት ጊዜ እያወቅሁ ዝም ብዬ ያመጣሁትን አይቻለሁ፤ ሦስተኛ አልችልም። ወደ አለቃ ኪዳኑ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርሁት። «የቅዱስ አጽም ለማፍለስ ሥርዓት አለን፤ ለጭቃ ብሎ መቃብር የከፈተ ግን እኔ አልሰማሁም» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እናቷ ናት፤ ልጅቱ ከጠየቀች አልከለክልም። ነገር ግን ቃሉ ከራሷ ይምጣ» አለኝ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ዶማ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ልሞክረው ብዬ አይደለም፣ እችል እንደሆነ ላውቅ ነው። ሣሩ በቅሏል። የዘንድሮ ዝናብ ለዋግ ያህል ደኅና ነበረና መሬቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ለመቆፈር የሚከብድ አይደለም። ዶማውን አጋድሜ ተቀመጥሁ። አምስት ዓመትሽን አሰብሁ። የበረሃውን ፀሐይ፣ በቅሎዋን፣ በባዕድ አገር ብቻሽን የምትውዪበትን ክፍል አሰብሁ። ይህ ሁሉ ከንቱ ሲቀር ማየት ለእኔ ቀላል አይደለም። ከዚያ ደግሞ ራሷን ቀና አድርጌ ከሥሯ ስስብ ታየኝና ዶማውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ፤ ዛሬ ተማሪ ልኬ አስመጣሁት።

እንግዲህ ሁሉን ጻፍሁ፤ የዘለልሁት የለም። የእናትሽ አምላክ እንጀራሽን ከእንባ ይለይልሽ፤ የሚያጽናና ጎረቤት አይንሣሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ መሬቱ ይደላደልልሽ። ጥቁር ስትለብሺ ብዙ አትቆዪበት፤ እርሷም አትወደውም ነበር።

ቃልሽን ለካሤ ስጪው፣ በስልክ ይነግረኛል። ቆፍሩ ካልሽኝ እቆፍራለሁ፤ ሌላ ሰው አላስነካም፣ በጥቁር ጨርቅ ተከልዬ በራሴ እጅ አወጣዋለሁ፣ በታኅሣሥም እጅሽ ይገባል። ብትዪኝ መብትሽ ነው፤ አልቀየምሽም። ግን ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ አትበዪኝ።

አባትሽ
መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ